ለጓያ ምርመራ የሚረዳ ትምህርት፦ ሁለት ሙል የያዙ የአሲድ አዮኖችና የማስ ስፔክትሮሜትር ውጤት አነባበብ

መግቢያ

ጓያ ድርቅን የሚችል፣ ውኃ በሚተኛበት ጥቁር አፈርም ላይ የሚበቅል፣ ብዙ ወጪ የማይጠይቅ የጥራጥሬ ሰብል ነው። ዝናብ አጥሮ ሌላው ሰብል በሚከዳበት ዓመት ለብዙ ቤተሰብ የመጨረሻ መጠጊያ የሚሆነው እርሱ ነው። ጉዳቱም የሚመጣው በዚሁ ጊዜ ነው። ጓያ ለሁለትና ለሦስት ወራት ያህል በየቀኑ ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግርን ያሽመደምዳል። ሽባነቱ ከያዘ በኋላ የሚያድነው መድኃኒት የለም። እ.ኤ.አ. በ1976 እና በ1977 በደምቢያና በፎገራ፣ በ1990ዎቹም ሁለተኛ አጋማሽ በደላንታ ዳውንት ብዙ ሰዎች በዚህ በሽታ ተጎድተዋል። ከተጎጂዎቹም መካከል ወጣት ወንዶች ይበዛሉ።

ስለዚህ አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር የጓያ ዘር ሲያባዛ ወይም እህሉን ለገበያ ሲያቀርብ በውስጡ ያለውን መርዝ ማስመርመሩ ተገቢ ነው። ምርመራው በዘመናዊ ላቦራቶሪ ሲሠራ አብዛኛውን ጊዜ ማስ ስፔክትሮሜትር የተባለውን መሣሪያ ይጠቀማል። ከላቦራቶሪው የሚመጣው ወረቀት 175፣ 177፣ 87፣ 197 የሚሉ ቁጥሮችን ይዞ ሲደርስ የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ግራ ሊጋባ አይገባውም። በዚህ ትምህርት የቁጥሮቹን ምንነት፣ በተለይም አንድ አሲድ ሁለት ሙል ሲይዝ የሚሆነውን እንመለከታለን። ዋናው ነጥብ አንድ ነው፦ መርዙ በአንድ ቁጥር ላይ ብቻ ላይታይ ይችላል። ተከፋፍሎ የታየውን መርዝ በአንዱ ቁጥር ብቻ የቆጠረ ሰው አደገኛውን እህል ደህና ነው ብሎ ሊያሳልፍ ይችላል።

1. የጓያው መርዝ ምንድን ነው?

መርዙ በአጭር ስሙ ኦዳፕ ይባላል። ተለይቶ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1964 በህንድ አገር ነው። ኦዳፕ ከኦርጋኒክ አሲዶች ወገን ሲሆን የሞለኪውል ክብደቱ 176 ነው። ለትምህርታችን የሚያስፈልጉት ሦስት ባሕርያቱ የሚከተሉት ናቸው።

ሀ. በግራና በቀኝ ጫፉ ሁለት የአሲድ ራሶች አሉት። እነዚህ ካርቦክሲል ይባላሉ። እያንዳንዱ ራስ አንድ ፕሮቶን፣ ማለትም አንድ የሃይድሮጂን ፍሬ፣ መልቀቅ ይችላል።

ለ. አንድ የአሚን ጫፍ አለው። ይህ ጫፍ በተቃራኒው አንድ ፕሮቶን መቀበል ይችላል።

ሐ. በውኃ ይሟሟል። ጓያን ዘፍዝፎ ውኃውን መድፋት መርዙን የሚቀንሰው በዚህ ምክንያት ነው።

2. መሣሪያው የሚመዝነው ምንድን ነው?

የእህል ሚዛን ክብደትን ብቻ ይነግረናል። ማስ ስፔክትሮሜትር ግን የሚነግረን ክብደት ለሙል ተካፍሎ የሚገኘውን ድርሻ ነው። ሙል ስንል የኤሌክትሪክ ቻርጅ ማለታችን ነው። ሙል የያዘ ሞለኪውል አዮን ይባላል። ሙል የሌለው ነገር በዚህ መሣሪያ አይታይም፤ ምክንያቱም መሣሪያው ሞለኪውሎችን የሚነዳውና የሚለየው በኤሌክትሪክ ኃይል ነው።

ነገሩን በሸክም እንመስለው። አንድ መቶ ኪሎ የሚመዝን ጆንያ አንድ ሰው ብቻውን ቢሸከመው ድርሻው 100 ኪሎ ነው። ሁለት ሰዎች ቢሸከሙት የእያንዳንዳቸው ድርሻ 50 ኪሎ ይሆናል። የጆንያው ክብደት አልተለወጠም፤ የተለወጠው የተሸካሚው ቁጥር ነው። መሣሪያው የሚጽፈው የተሸካሚውን ድርሻ ነው። ስለሆነም አንድ አሲድ ሁለት ሙል ከያዘ በግማሽ ክብደቱ ቦታ ላይ ተመዝግቦ ይገኛል።

ይህ አሠራር ረጅም ታሪክ አለው። በእንግሊዝ አገር ጄ. ጄ. ቶምሰን በ20ኛው ምእት ዓመት መጀመሪያ የአዮን ጨረሮችን በመለየት መንገዱን ከፈተ። ፍራንሲስ አስተን እ.ኤ.አ. በ1919 የተሻለ መሣሪያ ሠራ፤ በ1922ም የኖቤል ሽልማት አገኘ። የዕፅዋት አሲዶች ግን ሲሞቁ የሚበላሹ በመሆናቸው ለብዙ ዘመን በቀላሉ አይመረመሩም ነበር። ይህን ችግር በእጅጉ ያቃለለው ኤሌክትሮስፕሬይ የተባለው ዘዴ ሲሆን፣ በ1980ዎቹ ላዳበረው ለጆን ፌን በ2002 የኖቤል ሽልማት በጋራ አስገኝቶለታል።

3. አሲዱ ሁለት ሙል የሚይዘው እንዴት ነው?

በኤሌክትሮስፕሬይ ዘዴ ከእህሉ የተጨመቀው ፈሳሽ በቀጭን መርፌ ውስጥ ያልፋል። በመርፌው ላይ ጥቂት ሺህ ቮልት ኤሌክትሪክ ስለሚለቀቅበት ፈሳሹ እንደ ጉም በንኖ ይወጣል። የጉሙ ጠብታዎች በሞቃት ጋዝ እየደረቁ ያንሳሉ። በመጨረሻም ውኃው ተንኖ ያልቅና አዮኖቹ ብቻቸውን በጋዝ ውስጥ ይቀራሉ።

በፈሳሹ ውስጥ ሳለ አሲዱ ፕሮቶኖቹን የሚለቀው በየተራ ነው። የመጀመሪያው በቀላሉ ይወጣል። አሲዱ አንድ ነጌቲቭ ሙል ከያዘ በኋላ ግን ሁለተኛውን ፖዘቲቭ ፕሮቶን ወደ ራሱ ስለሚስበው ሁለተኛው መውጣት ይከብደዋል። ለምሳሌ ኦክሳሊክ አሲድ የመጀመሪያ ፕሮቶኑን በፒኤች 1.3 አካባቢ፣ ሁለተኛውን በ4.3 አካባቢ ይለቃል። የሎሚው ሲትሪክ አሲድ ሦስት ራሶች ስላሉት በ3.1፣ በ4.8 እና በ6.4 አካባቢ በየተራ ይለቃል።

ሁለተኛው ፕሮቶን በወጣ ጊዜ ሁለት ነጌቲቭ ሙል የያዘ አዮን ይገኛል። የሒሳቡ ደንብ ቀላል ነው። ለአንድ ሙል ከክብደቱ 1 ቀንስ። ለሁለት ሙል ከክብደቱ 2 ቀንስና ለ2 አካፍል። ከዚህ በታች ያለው ሠንጠረዥ በዚህ ደንብ የተሠራ ሲሆን ቁጥሮቹ የተጠጋጉ ናቸው።

አሲዱ — ክብደቱ — በአንድ ሙል — በሁለት ሙል
ኦክሳሊክ — 90 — 89 — 44
ማሊክ — 134 — 133 — 66
ኦዳፕ — 176 — 175 — 87
ሲትሪክ — 192 — 191 — 95
ፊቲክ — 660 — 659 — 329

ፊቲክ አሲድ በእህልና በጥራጥሬ ፍሬ ውስጥ ፎስፈረስ የሚከማችበት አሲድ ነው። ብረትንና ዚንክን አስሮ በመያዝ ሰውነት እንዳያገኛቸው ስለሚያደርግ የምግብ ተመራማሪዎች ይከታተሉታል።

4. ሁለቱ ሙሎች አብረው የሚኖሩት መቼ ነው?

ሁለት ኮርማዎች በአንድ ጠባብ በረት ውስጥ አይስማሙም። በረቱ ከሰፋ ግን እያንዳንዱ በየጥጉ ሊያድር ይችላል። ሁለት ነጌቲቭ ሙሎችም እንዲሁ ይገፋፋሉ። በውኃ ውስጥ ሳሉ የውኃ ሞለኪውሎች በዙሪያቸው ተሰብስበው ግፊያውን ያበርዱታል። ውኃው ሲተን ይህ ገላጋይ ይጠፋል። ስለዚህ በውኃ ውስጥ የነበረው ሁሉ በመሣሪያው ውስጥ አይታይም።

ሁለት ሙል የያዘው አዮን እንዲገኝ የሚረዱት ሁኔታዎች እነዚህ ናቸው።

ሀ. የራሶቹ ርቀት። ራሶቹ በተራራቁ መጠን ግፊያው ይቀንሳል። ኦክሳሊክ አሲድ ራሶቹ የተጣበቁ በመሆናቸው ሁለት ሙል የያዘው አዮኑ ያለ ውኃ አጀብ ብቻውን ሊቆም አይችልም። በሠንጠረዡ ላይ 44 ብለን የጻፍነውም ለሒሳብ ያህል ነው። ፊቲክ አሲድ ግን ትልቅ ከመሆኑም በላይ ስድስት የፎስፌት ክንዶች ስላሉት ሁለት ሙል በቀላሉ ይይዛል። ኦዳፕ በመካከል የሚገኝ ነው፤ በሁለቱ ራሶቹ መካከል አራት አቶሞች አሉ።

ለ. የፈሳሹ ጠባይ። እንደ አሞኒያ ያለ ፕሮቶን የሚቀበል ነገር ሲጨመር ራሶቹ ፕሮቶናቸውን ይለቃሉ። አሲድ ሲጨመር በተቃራኒው ፕሮቶኑ ይመለሳል፤ ሁለት ሙል የያዘውም አዮን ይቀንሳል።

ሐ. የመሣሪያው ርጋታ። ሙቀቱና የኤሌክትሪክ ግፊቱ ሲበዛ አዮኑ ከጋዝ ጋር እየተላተመ ይሰበራል ወይም አንዱን ሙል ያጣል።

መ. የናሙናው ንጽሕና። ጨው ካለበት የሶዲየም አዮን በፕሮቶኑ ቦታ ይገባል። ይህን ነጥብ በክፍል 6 እንመለስበታለን።

5. የግማሽ እርምጃ ምልክት

አንድ ምልክት በ87 ላይ ቢታይ ሁለት ሙል የያዘ ኦዳፕ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። በሕያዋን ነገሮች ሁሉ የሚገኘው ፒሩቪክ አሲድ ክብደቱ 88 ስለሆነ አንድ ሙል ሲይዝ እርሱም በ87 ላይ ይወጣል። ታዲያ እንዴት ይለያሉ?

በተፈጥሮ ከሚገኘው ካርቦን ውስጥ ከመቶ 1.1 ያህሉ በአንድ ክብደት የሚበልጠው ካርቦን 13 የተባለው አይሶቶፕ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ምልክት ቀጥሎ በ1 የሚበልጥ ክብደት ያለው አነስተኛ ጎረቤት ይታያል። ወደ ሸክሙ ምሳሌ እንመለስ። ጆንያው 101 ኪሎ ቢሆን ብቻውን የተሸከመው ሰው ድርሻ በ1 ኪሎ ይጨምራል። ለሁለት ከተሸከሙት ግን የእያንዳንዱ ድርሻ 50.5 ይሆናል፤ ጭማሪው ግማሽ ኪሎ ነው።

በዚህም መሠረት፦

— ጎረቤቱ በ88 ላይ ከሆነ እርምጃው 1 ነው፤ አዮኑ አንድ ሙል ይዟል። ፒሩቪክ አሲድ ሊሆን ይችላል፤ ኦዳፕ ግን አይደለም።
— ጎረቤቱ በ87.5 ላይ ከሆነ እርምጃው ግማሽ ነው፤ አዮኑ ሁለት ሙል ይዟል። ክብደቱም 87 ሲባዛ በ2፣ ሲደመር 2፣ ማለትም 176 ነው።

ኦዳፕ አምስት ካርቦን ስላለው የጎረቤቱ ቁመት ከዋናው ምልክት ከመቶ 5 እስከ 6 ያህል ይሆናል። ስለሆነም ዋናው ምልክት ደካማ ከሆነ ጎረቤቱ ላይታይ ይችላል። ባልታየ ጎረቤት ላይ ፍርድ መስጠት አይገባም።

6. ይህ ለማኅበሩ ምን ያመጣል?

የጨው ጆንያ ሶዲየም አለበት። እህል ከነቀዝ እንዲጠበቅ የሚለወስበት አመድ ፖታሲየም አለበት። እነዚህ ከናሙናው ጋር ከተቀላቀሉ ኦዳፑ በአንድ ቦታ መታየቱ ይቀርና ይከፋፈላል። በነጌቲቭ ምርመራ በ175 መታየት ከነበረበት ከፊሉ ከሶዲየም ጋር በ197፣ ከፊሉ ከፖታሲየም ጋር በ213፣ ሁለት ሙል የያዘው ደግሞ በ87 ይወጣል።

የሚከተለው ስሌት ለማስረዳት የቀረበ ምሳሌ እንጂ በእርግጥ የተለካ ውጤት አይደለም። በአንድ እህል ውስጥ ያለው ኦዳፕ ከመቶ 0.30 ነው እንበል። ይህ በአንድ ኩንታል ውስጥ 300 ግራም ማለት ነው። ከምልክቱ 60 በመቶው በ175፣ 25 በመቶው በ197፣ 15 በመቶው በ87 ላይ ቢወጣና ላቦራቶሪው 175ን ብቻ ቢቆጥር፣ በንጹሕ ውኃ ከተዘጋጀ መለኪያ ጋር ሲያስተያየው የሚያገኘው ከመቶ 0.18 ይሆናል። ከየኩንታሉ 120 ግራም መርዝ ከወረቀቱ ላይ ጠፋ ማለት ነው። ከእህሉ ግን አልጠፋም። ወረቀቱን አምኖ የሚበላው ሰው ሙሉውን ይበላዋል።

ለዚህ መፍትሔው የታወቀ ነው። አንደኛ፣ ናሙናው ከጨውና ከአመድ መጠበቅ አለበት። ሁለተኛ፣ ላቦራቶሪው ለናሙናው ግማሽ የታወቀ መጠን ያለው ንጹሕ ኦዳፕ ጨምሮ ሊመዝነው ይገባል። የጨመረው ሁሉ ተመልሶ ከተገኘ ልኬቱ ትክክል ነው። ከጎደለ ምልክቱ ተከፋፍሏል ወይም ተሸፍኗል ማለት ነው፤ ውጤቱም መታረም አለበት። ሦስተኛ፣ ፈሳሹ አሲድ ተደርጎ በፖዘቲቭ በኩል ሊመረመር ይችላል። ኦዳፕ ፕሮቶን የሚቀበል የአሚን ጫፉ አንድ ብቻ በመሆኑ በዚህ መንገድ በአመዛኙ አንድ ሙል ይይዛል፤ በ177ም ይታያል። ሆኖም በዚህም መንገድ ቢሆን ሶዲየም ካለ በ199፣ ፖታሲየም ካለ በ215 ላይ ከፊሉ ሊወጣ ስለሚችል የናሙና ንጽሕና አይቀርም።

7. ክብደት ብቻውን የማይለየው ነገር

ኦዳፕ በሁለት መልክ ይገኛል፤ ቤታና አልፋ ይባላሉ። ይበልጥ የሚጎዳው ቤታ ነው። ጓያ ሲቆላ ወይም ሲቀቀል ከቤታው ከፊሉ ወደ አልፋ ይለወጣል። ነገር ግን የሁለቱም ክብደት 176 ነው። አንድ ሙልም ይያዙ ሁለት፣ ቁጥራቸው አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ናሙናው ወደ ማስ ስፔክትሮሜትሩ ከመግባቱ በፊት ክሮማቶግራፊ በተባለው የመለያ ዓምድ ውስጥ አልፎ ሁለቱ በተለያየ ደቂቃ እንዲወጡ መደረግ አለበት። ቀደም ሲል ጀምሮ የሚሠራበት የቀለም ምርመራም ርካሽና ጠቃሚ ነው፤ ሆኖም ሁለቱን ደምሮ እንጂ ለይቶ አይለካም።

8. የናሙና አወሳሰድ

የኤክስቴንሽን ሠራተኛውና የማኅበሩ የንብረት ክፍል ኃላፊ የሚከተለውን በጋራ እንዲፈጽሙ እንመክራለን።

ሀ. ከአንድ ጆንያ ብቻ አትውሰዱ። ከብዙ ጆንያዎች፣ ከላይ፣ ከመካከልና ከታች እየዘገናችሁ አቀላቅሉ።
ለ. የተቀላቀለውን በንጹሕ ሸራ ላይ ዘርግታችሁ በአራት ክፈሉት። ትይዩ የሆኑትን ሁለት ክፍሎች አስቀርታችሁ የቀረውን መልሱ። አንድ ኪሎ ያህል እስኪቀር ይህንኑ ድገሙ።
ሐ. ጨው፣ ማዳበሪያ ወይም የነፍሳት መድኃኒት በያዘ ከረጢት ፈጽሞ አትጠቀሙ። አመድ የተለወሰ እህል ከሆነ በወረቀቱ ላይ ጻፉ።
መ. ናሙናው በደንብ የደረቀ ጥሬ እህል ይሁን። አይታጠብ፣ አይቆላ፣ አይቀቀል።
ሠ. ለሁለት ከፍላችሁ አንዱን ላኩ፤ ሌላውን አሽጋችሁ በማኅበሩ መጋዘን አስቀምጡ። ክርክር ቢነሳ ማስረጃው እርሱ ነው።
ረ. የዝርያውን ስም፣ ቀበሌውን፣ የአፈሩን ዓይነት፣ የዘመኑን ዝናብ ሁኔታና የታጨደበትን ወር ጻፉ። ድርቅ በጓያ ውስጥ ያለውን ኦዳፕ ስለሚጨምር የአምናው ውጤት ለዘንድሮው አያገለግልም።

9. ውጤቱ ሲመጣ ላቦራቶሪውን የምትጠይቋቸው ጥያቄዎች

— የተለካው ቤታ ኦዳፕ ብቻ ነው ወይስ ከአልፋው ጋር ተደምሮ?
— ምርመራው በነጌቲቭ ነው ወይስ በፖዘቲቭ? የትኛው ቁጥር ተቆጠረ?
— በ87፣ በ197 ወይም በ199 ላይ ምልክት ታይቷል? ከታየ በሒሳቡ ገብቷል?
— የተጨመረው ንጹሕ ኦዳፕ ከመቶ ስንት ተመልሶ ተገኘ?
— ናሙናው ስንት ጊዜ ተደጋግሞ ተለካ?

እነዚህን መጠየቅ ላቦራቶሪውን መጠራጠር አይደለም። ጥሩ ባለሙያ መልሱን አዘጋጅቶ ይጠብቃል።

10. ለገበሬው የሚነገረው ምክር

ዝቅተኛ ኦዳፕ ያላቸው ዝርያዎች አሉ፤ በአገራችን ዋሴ የተባለው አንዱ ነው። ነገር ግን ዝቅተኛ ማለት የለም ማለት አይደለም። በተጨማሪም ንቦች የጓያን አበባ ከማሳ ማሳ ስለሚያዳቅሉት የተሻሻለው ዘር ከነባሩ ጓያ ርቆ ካልተዘራ ጠባዩን እያጣ ይሄዳል። ዘር አባዢ ማኅበራት ማሳቸውን እንዲለዩና ምርመራውን በየዓመቱ እንዲያስደግሙ ያስፈልጋል።

ለቤት እመቤቶችና ለአባወራዎች ደግሞ ይህን እንንገራቸው። ጓያን ብቻውን ዋና ምግብ አታድርጉት። በእህል ደባልቁት። ዘፍዝፉት፤ የተዘፈዘፈበትንም ሆነ የተቀቀለበትን ውኃ ድፉት። እሸቱን፣ ቆሎውንና ንፍሮውን በየዕለቱ ከመመገብ ተቆጠቡ። ረሀብ በገባበት ቀበሌ የኤክስቴንሽን ሠራተኛው ሰዎች ጓያ ብቻ መብላት መጀመራቸውን እንዳየ ሳይውል ሳያድር ለወረዳው ጤናና ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ያስታውቅ። ሌላ እህል በጊዜ ከደረሰ ሽባነቱን መከላከል ይቻላል፤ ከዘገየ ግን እግርን መመለስ አይቻልም።

መልመጃ

1. ማሊክ አሲድ ክብደቱ 134 ነው። አንድ ሙልና ሁለት ሙል ሲይዝ በየትኞቹ ቁጥሮች ይታያል?
2. አንድ ምልክት በ329፣ ጎረቤቱም በ329.5 ላይ ታየ። ስንት ሙል ይዟል? ክብደቱስ ስንት ነው?
3. አንድ ማኅበር ናሙናውን በጨው ጆንያ ላከ። በነጌቲቭ ምርመራ ከ175 ሌላ የትኛው ቁጥር መታየት አለበት?

መልስ፦ 1. በ133 እና በ66። 2. ሁለት ሙል፤ ክብደቱ 660፤ ፊቲክ አሲድ ሊሆን ይችላል። 3. 197። ላቦራቶሪው ይህንን ካልቆጠረ ማኅበሩ ንጹሕ ናሙና በድጋሚ ይላክ፤ እህሉም ውጤቱ እስኪታወቅ ድረስ ከመጋዘን አይውጣ።